ጳጉሜን 4 ያነበበችው ልጄ

ለብርሃነ ሐይቅ ኮሌጅ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
አርባ ምንጭ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ዝናቡ አባርቶ ትንኙ በበዛበት በዚህ ሰሞን እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም የዋቢ ዝርዝር መርማሪ ኮሚቴዎ ክቡራን አባላት፣ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙና ወባ የሚባል ነገር ደጃችሁን እንዳይረግጥ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን ለደብዳቤ ወግ ያልኩት እንዳይመስልዎ። ወባ ደጅ ሲረግጥ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ለማንም አልመኘውም፤ ለኮሚቴውም ቢሆን።

እኔ ልክነሽ እባላለሁ። ከጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ እያመጣሁ ሲቀላ ገበያ የምሸጥ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ካሱ በዚያው በጫሞ ዓሣ አስጋሪ ነው። ልጃችን ብሩክታዊት ካሱ በኮሌጅዎ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበረች፤ የመመረቂያ ጽሑፏንም ስለ ጫሞ አስጋሪዎችና ስለ መረባቸው ዓይን መጥበብ ጽፋ፣ በመጋቢት ወር በፈታኞች ፊት ቆማ አቅርባ አልፋለች። ፈታኞቹ ያዘዟትን ጥቃቅን እርማት ሠርታ በሚያዝያ መጨረሻ ለክፍልዎ አስረከበች። ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በአምስት ቀን ሕመም ሞተች። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች።

እጄ ከቢላዋ እንጂ ከእስክሪብቶ ጋር ብዙ ስላልተዋወቀ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። በግልጽ የጻፍኩትና በሲቀላ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያለው ዘካሪያስ ተይቦ በየማስታወቂያ ሰሌዳው እንዲለጥፈው የፈቀድኩት፣ ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽጌ የሰጠኋችሁ ሁለት ማመልከቻዎች በመዝገብ ቤታችሁ እጅግ በጥሩ ሁኔታ ተጠብቀው ስለሚገኙ ነው። እንዲያውም በመጨረሻ ስሄድ፣ የመዝገብ ቤቷ ዘሪቱ ሁለቱንም እንደታሸጉ አሳይታኛለች። አንድም ሰው በጣቱ አላቆሸሻቸውም። ስለዚህ ጥንቃቄያችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። የቀረውን ምስጋናዬን ደግሞ በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደምትወዱ ተረድቻለሁና።

አንደኛ። ልጄ በተቀበረች በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ “ለተማሪ ብሩክታዊት ካሱ” ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰን። በአሥር ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው ስለ ዋቢ ዝርዝርዎ ማብራሪያ ይስጡ ይላል። በዚያ ሰሞን ወደ ቤታችን የሚመጣው ሰው ሁሉ “እንዲህ ነበረች፣ እንዲያ ነበረች” እያለ ነበር የሚያወራው። እናንተ ብቻ “ይቅረቡ” አላችሁ። ወረቀቱን ይዤ ለጥቂት ጊዜ ያህል የሆነ ቦታ የምትጠበቅ መሰለኝ። ስለዚያች ጥቂት ጊዜ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ማብራሪያ የተጠየቀበትን ጉዳይ እንደ እኔ ላሉ አንባቢዎች መጀመሪያ ላስረዳ። ተማሪ ጽሑፍ ሲጽፍ ሐሳቡን ከየት እንዳገኘ በመጨረሻው ገጾች ላይ ይዘረዝራል። ይህ ዋቢ ይባላል። ያነበበው በኢንተርኔት ከሆነ የጽሑፉን ባለቤት፣ ጽሑፉ የወጣበትን ዓመት፣ የድረ ገጹን አድራሻ፣ እንዲሁም እሱ ራሱ ገጹን ያየበትን ቀን ማስፈር አለበት፤ ምክንያቱም በኢንተርኔት ያለ ነገር ዛሬ ታይቶ ነገ ይጠፋል። ይህን ሁሉ ዘካሪያስ ነው ያስረዳኝ። ጥሩ ሕግ ነው አልኩ።

ልጄ ሠላሳ ስምንት ድረ ገጾችን ጠቅሳለች። የኮሌጁ መመሪያ የታየበት ቀን በቁጥር ይጻፍ ይላል እንጂ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። እሷም ገጹን ባየች ቁጥር በደብተሯ የጻፈችውን ቀን እንዳለ አስገባችው፤ ደብተሯም የሚናገረው እኛ ሁላችን በምንናገረው አቆጣጠር ነው። በዚህም መሠረት አንድ በፈረንጆች 2023 የወጣ ጽሑፍ 3/2/2016 ቀን እንደታየ ተጻፈ። ጥቅምት 3 ማለቷ ነው። ጥፋት ነው ካላችሁ ጥፋት ነው፤ ብትኖር አንድ ከሰዓት ተቀምጣ የምታርመው ጥፋት።

ክቡር ኮሚቴው ግን ከዚህ ጠልቆ አየ። የደብዳቤውን ቃል በቃል ልጥቀስ፦ “ተማሪዋ ጽሑፎቹ ከመውጣታቸው ሰባት ዓመት አስቀድማ እንዳነበበቻቸው የገለጸች በመሆኑ፣ ምንጮቹ የፈጠራ ናቸው የሚል ጥርጣሬ አሳድሯል።”

የተከበሩ ኃላፊ፣ ልጄ ሰባት ዓመት ወደፊት ማየት የምትችል መሆኗን ከእናንተ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ይህ ስጦታ ቢኖራት ኖሮ የጽሑፎቹን ነገር ትታ ወባውን አስቀድማ ባየችው፣ ለሙቀቱ ብላ ጠቅልላ የሰቀለችውን አጎበርም ባወረደችው ነበር። ሰባት ዓመትም አያስፈልጋትም ነበር። አንድ ሳምንት ይበቃት ነበር።

ይህንን ደብዳቤ ለካሱ ሳነብለት እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ “እሷን ነው ዋሸች የሚሏት?” አለና ሳቀ፤ ከቀብሩ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የሳቀበትን ላስረዳ። ብሩክታዊት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አጠገቤ ገበያ ተቀምጣ፣ ገዢ መጥቶ ዓሣውን ሲያገላብጥ፣ ማንም ሳይጠይቃት “ያ የትናንት ነው፣ ይሄ ነው የዛሬ” ትል ነበር። ስንት ደንበኛ አባራብኛለች! በክርኔ ጎሸም ባደርጋት “እማ፣ የትናንት አይደለም እንዴ ታዲያ?” ትለኝ ነበር፣ ገዢው ፊት። በቀን ጉዳይ ዋሽታ አታውቅም። በሌላውም ዋሽታ አታውቅም፤ በቀን ጉዳይ ግን ለእናቷም አላዘነችም።

ሦስተኛ። በዝርዝሩ በሠላሳ አንደኛው ተራ ላይ ለሚገኘው ምንጭ ልዩ ትኩረት ስለሰጣችሁት ልዩ ምስጋና ይገባችኋል። ልጄ ገጹን ያየችው 4/13/2016 ብላ ጽፋለች። ኮሚቴው ሲያስተምረን “አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ስለሌለ ቀኑ ፈጽሞ ሊኖር የማይችል ነው” ብሏል።

እኔ አሥራ ሦስተኛውን ወር ሃምሳ አራት ጊዜ ኖሬበታለሁ። ልጄ ሃያ አምስት ጊዜ። እርስዎም እዚሁ አገር ስለተወለዱ ከእሱ አላመለጡም ብዬ እገምታለሁ። የኮሌጅዎ በር ላይ ያለው ማስታወቂያ ራሱ “የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ከጳጉሜን 1 እስከ 3” ይላል፤ ማን እንደሚመጣላችሁ እንጃ። ያን ደብዳቤ የጻፈው እጅም ከላይ በስተቀኝ “ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.” ብሎ ነው የጀመረው። ኮሚቴው ደብዳቤውን የጻፈው ከስምንት ዓመት በፊት ነው ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ የተማረ ሰው ይጠይቃል።

ልጄ በደብተሯ ጳጉሜን 4 ቀን ላይ የጻፈችውን ልገልብጥላችሁ፦ “ጫሞ ዳር። ቤት መብራት የለም። እዚህ ኔትወርክ ጥሩ ነው። በስልክ አነበብኩት። እማ ቅርፊት እየፋቀች ነው፣ ስልኬ ላይ ሁሉ ፈናጠቀችብኝ።” እንግዲህ ኮሚቴው የለም ባለው ወር፣ የለም ባለው ቀን፣ እኔ ቅርፊት እየፋቅሁ ነበር። እዚያ ነበርኩ። እሷም አጠገቤ ነበረች። ቀኑ አልነበረም ለማለት መጀመሪያ እኔን ማሳመን ያስፈልጋችኋል።

አራተኛ። በደብዳቤው መሠረት ለመታረም ተነሣን። ዘካሪያስ መጀመሪያ ያለኝን አልሸሽግም። “ማዘር፣ ሁሉንም በዛሬ ቀን እናርገውና እንገላገል፤ ማን ያውቅብናል?” አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ ሊያሳርፈኝ ነው። የዛሬ ቀን ማለት ግን ሰኔ ነው። ልጄ በሰኔ ምንም አላነበበችም። “የትናንቱን ዓሣ የዛሬ ነው ብለህ ልታሸጠኝ ነው?” አልኩት። ገባው።

ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ምስማር አለ። በየዓመቱ የምናገኘውን የቀን መቁጠሪያ በአምናው ላይ እንደርባለን እንጂ አንጥልም። ካሱ አወረዳቸው፤ ከ2017ቱ ሥር 2016ቱ ነበር። በትልቁ የእኛ ቀን፣ በጥጉ በትንሹ የፈረንጆቹ ቀን ተጽፎበታል። ብሩክታዊት ለፈተና፣ ለስብሰባ፣ ለእኔ የጥርስ ቀጠሮ ሁሉ በቀይ ያከበበችበት ነው። እሱን ይዤ ዘካሪያስ ጋ ሄድኩ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን፣ እኔ በጣቴ እየፈለግኩ፣ እሱ እየተየበ፣ ሠላሳ ስምንቱንም ቀን ቀየርን። ጥቅምት 3 ኦክቶበር 14 ሆነች። የለም የተባለችው ጳጉሜን 4 ሴፕቴምበር 9 ሆና ተገኘች። ሁሉም ጽሑፎች ከወጡ በኋላ ነው የታዩት፤ አንዱም አልተሳሳተም።

የታረመውን ከደብተሯና ከሞት ምስክር ወረቀቷ ኮፒ ጋር አስረከብኩ። መልሱ ሰኔ 15 ቀን፣ የአርባዋ ዕለት፣ ደረሰኝ። እርማቱ በጽሑፉ ባለቤት እጅ ባለመፈረሙ ተቀባይነት የለውም ይላል። አማራጭም አላሳጣኝም፦ ገጾቹ በሙሉ እንደገና ተከፍተው በአዲስ ቀን ቢተኩና ተማሪዋ ብትፈርምበት ኮሚቴው ያየዋል። ስለ ሞት ምስክር ወረቀቱ ግን አንድም ጥያቄ አልተነሣም። በእሱም ላይ ቀኑ በቁጥር ነው የተጻፈው፣ 6/9/2017 ተብሎ። በኮሚቴው አነባበብ ልጄ ኮሌጁ ከመግባቷ ብዙ ዓመት አስቀድማ ሞታ ነበር ማለት ነው። ይህ ግን ማንንም አላስጠረጠረም። ያነበበችበት ቀን አልታመነላትም እንጂ የሞተችበት ቀን ወዲያው ታመነላት።

ወረቀቱን ያቀበለችኝን ዘሪቱን “የሞተ ሰው እንዴት ይፈርማል?” ብዬ ጠየቅኳት። “እናቴ፣ እኔ እዚህ ማኅተም ነኝ” አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። ከዚያ ከወንበሯ ተነሥታ አስቀመጠችኝና ውሃ ሰጠችኝ። በክፍልዎ ውስጥ ከመመሪያው ውጭ የተደረገልኝ ነገር ይህ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎ እንዳይቀጧት።

አምስተኛ። ይህ አጭር ነው። የድረ ገጽ አድራሻ ሰማያዊ እንዳይሆን፣ ከሥሩ መስመር እንዳይኖረው፣ ከገጹ ኅዳግ እንዳያልፍ፣ እንዲሁም መሐል ላይ እንዳይቆረጥ አዛችኋል። ሰማያዊውን አጠቆርነው፤ መስመሩን አጠፋነው። አንዳንዱ አድራሻ ግን ከአንድ መስመር ይረዝማል። አይለፍ፣ አይቆረጥ ከተባለ የት ይግባ? ዘካሪያስ ኮምፒውተሩን ትቶ ወደ እኔ ዞረና “ማዘር፣ ይህን የሚያህል አምባዛ ሳትቆርጪ በሻይ ማንኪያ ጥበሺ ነው የሚሉሽ” አለኝ። በሥራዬ ስለመጣልኝ ወዲያው ገባኝ። አድራሻውን ከአንዱ ዘመም ያለ መስመር (/) በኋላ ቆርጠነዋል። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን።

ስድስተኛ፣ የመጨረሻውም። ያ የጳጉሜን 4ቱ ገጽ አሁን የለም። የጫሞን ጀልባዎች ቁጥር የያዘ ትንሽ ጽሑፍ ነበር። ዘካሪያስ አድራሻውን ሲያስገባ “ገጹ አልተገኘም” የሚል ነጭ ወረቀት ብቻ መጣ። ደጋግሞ ሞከረ። ኮሚቴውም በሁለተኛው ደብዳቤ “በአሁኑ ሰዓት የማይገኝ ምንጭ እንዳልነበረ ተቆጥሮ ይሰረዝ” አለ።

ሌላውን ሁሉ ስጽፍ ተናድጄ ነበር። እዚህ ጋ ግን አልተናደድኩም፤ ደከመኝ ብቻ።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ልጄ ያን ገጽ አይታዋለች። መብራት ስለማይታመን፣ ገጽም ስለሚጠፋ፣ ሙሉውን በደብተሯ በእጇ ገልብጣዋለች፤ አንድ ገጽ ከግማሽ ነው፤ ጽሑፏ ወደ መጨረሻው ዘመም ይላል፣ እጇ ስለደከመ። የታየበት ቀን የሚጻፈው እኮ ነገሩ በኋላ ቢጠፋም “ነበር” ለማለት ነው። ሕጉን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ሴትዮዋ በስምንተኛ ክፍል ትምህርቴ የተረዳሁት ይህን ነው፦ አንድ ሰው በዚህ ቀን አየሁት ካለ፣ ያየው ነገር ዛሬ ባይገኝም ነበር። አሁን አልተገኘም ተብሎ አልነበረም አይባልም። በዚህ ካልተስማማን እኔ ከእናንተ ጋር የምነጋገረው የለኝም፤ ምክንያቱም በቤቴም አድራሻዋ ያለ፣ ራሷ ግን የማትገኝ አለችኝ። እሷንም እንዳልነበረች ቆጥሬ እንድሰርዝ ነው የምትነግሩኝ።

የምለምንዎ ነገር ብዙ አይደለም። የምረቃው ቀን ቅዳሜ ሐምሌ 12 ነው፤ ጽሑፎች ተጠርዘው ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚገቡበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዓርብ ሐምሌ 4። ጋዋን አልጠየቅኩም፤ አበባም፣ ንግግርም አልጠየቅኩም። “የፈጠራ” የምትለዋ ቃል ከመዝገቧ እንድትፋቅ፣ ጽሑፏም ከሠላሳ ስምንቱም ምንጮች ጋር፣ ከጠፋውም ጋር፣ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ብቻ ነው። ለጥራዙ ጀርባ ስሟን ዘካሪያስ አዘጋጅቶታል። አንድ ቀን የማላውቀው ልጅ ስለ ጫሞ ሊጽፍ ይመጣና አውርዶ ያነበዋል። በእሱም ዋቢ ውስጥ ትገባለች። ካሱ ማንበብ ባይችልም፣ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለች ማወቅ ይፈልጋል። እኔ መቃብሩን አውቀዋለሁ፤ እሱ ግን እዚያ መሄድ አልቻለም። መደርደሪያው ጋ እሄዳለሁ ብሏል።

በቀረው፣ ለሰጣችሁኝ ትምህርት፣ ላደረሳችሁልኝ ደብዳቤዎችና ልጄን ከሞተች በኋላም ሥራ ላላስፈታችሁበት ትጋት ከጫሞ ጥልቀት የማያንስ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ መመሪያችሁ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው፣ ከሰዎቹም በላይ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የብሩክታዊት እናት
ልክነሽ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
1/11/2017

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ያለውን ቀን ሆን ብዬ በቁጥር ጻፍኩት፤ ሐምሌ 1 ማለቴ ነው። ክቡር ኮሚቴው ግን እንደ ልማዱ ቢያነበው ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ነው። የግድግዳውን መቁጠሪያ ስቆጥር ያን ጊዜ ብሩክታዊት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፣ ጤነኛ፣ ሳቂታ፣ ዓሣ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚፈራት። ስለዚህ በእናንተ አቆጣጠር ልጄ አለች። ፊርማዋን ከፈለጋችሁ እዚያ ሄዳችሁ ጠይቋት፤ አትከለክላችሁም። እኔ መንገዱን ስለማላውቀው ነው እንጂ እኔው እሄድ ነበር። ስታገኟት ታዲያ እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር ንገሩልኝ፦ ቢሞቃትም፣ አጎበሩን ሳታወርድ እንዳትተኛ።